የኖክስቪል ቅዳሜ፦ ቴነሲ ኳርተርባኩን ያሰናበተበት ቀን

ኤፕሪል 12 ቀን 2025 ቅዳሜ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 4፣ የሆሳዕና ዋዜማ። በአሜሪካዋ ኖክስቪል ከተማ ብርቱካናማ ማልያ የለበሱ ሰዎች ወደ ኒላንድ ስታዲየም ይገባሉ። የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን በየዓመቱ በጸደይ አንድ ማሳያ ጨዋታ አለው። ተጋጣሚ የለም። ነጥብም የለም። ቡድኑ ለሁለት ተከፍሎ እርስ በርሱ ይጫወታል። ደጋፊው የሚመጣው በመኸር የሚያየውን ቡድን ቀድሞ ለማየት ነው። ከሁሉም በላይ ኳርተርባኩን፣ ማለትም የቡድኑን ኳስ ወርዋሪ፣ ለማየት።

ኳርተርባኩ ግን የለም። ኒኮ ኢያማሌያቫ ይባላል፤ ዕድሜው 20 ነው። ከአራት ወር በፊት ቡድኑን እስከ ብሔራዊው ጥሎ ማለፍ ያደረሰው እሱ ነበር። ዓርብ ዕለት ልምምድ ላይ አልተገኘም። ስብሰባም ላይ አልነበረም። ቅዳሜ ጠዋት አሰልጣኝ ጆሽ ሃይፐል ለተጫዋቾቹ ቁርጡን ነገራቸው፤ ከኒኮ ጋር ያላቸው ነገር አብቅቷል። ከጨዋታው በኋላ ለጋዜጠኞችም ይህንኑ ደገመው። ከዩኒቨርሲቲው ዓርማ የሚበልጥ ማንም የለም አለ።

በጊዜው የወጡ ዘገባዎች እንደሚሉት ኒኮ በዓመት ወደ 2.4 ሚሊዮን ዶላር ያገኝ ነበር። ወገኖቹ ወደ 4 ሚሊዮን እንዲጠጋ ጠይቀዋል። የኮሌጅ ተማሪ ነው እንግዲህ። ከዚያ አምስት ዓመት በፊት ይህ ልጅ 100 ዶላር ቢቀበል ከጨዋታ ይታገድ ነበር።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት በምክንያት ነው። ለኮሌጅ ተጫዋቾች ገንዘብ መከፈሉ ፉትቦሉን ምን አደረገው ለሚለው ጥያቄ ብዙ መልስ ይሰጣል። ደጋፊው፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ተጫዋቹ፣ ሌላ ከተማ ያለው ተጫዋች ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተነክተዋል። (ፉትቦል ስል እግር ኳሳችንን ማለቴ አይደለም። የራስ ቁር ተደፍቶ፣ ኳስ በእጅ ተይዞ የሚጫወቱትን የአሜሪካ ፉትቦል ነው። ኳርተርባክ ማለት ማጥቃት በተጀመረ ቁጥር ኳሱ መጀመሪያ እጁ የሚገባው፣ ለማን እንደሚወረውር የሚወስነው ሰው ነው። እሱ ከሌለ ቡድኑ የለም ማለት ይቻላል። ዓመቶቹ ደግሞ ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ ቅዳሜ በፊት

የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት የሚመራው ኤንሲኤኤ በሚባል ማኅበር ነው። ማኅበሩ ለብዙ አሥርት ዓመታት አንድ አቋም ነበረው። ተጫዋቹ ተማሪ ነው፤ ስኮላርሺፕ ያገኛል፤ ደመወዝ አያገኝም። «ተማሪ-ስፖርተኛ» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው በ1950ዎቹ ነው፤ ደግሞም ከሕግ ክርክር ጋር የተያያዘ ነው። በ1955 ሬይ ዴኒሰን የሚባል በኮሎራዶ ግዛት የአንድ ኮሌጅ ተጫዋች ጨዋታ ላይ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞተ። ሚስቱ በሥራ ላይ ለሞተ ሠራተኛ የሚከፈለው ካሣ ይሰጠኝ ብላ ከሰሰች። በ1957 የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ባልሽ ሠራተኛ አልነበረም ብሎ ፈረደባት። ያንን ፍርድ ባሰብኩ ቁጥር ይከነክነኛል። ኖክስቪል ውስጥ የሆነው ነገር ሥሩ እዚያ ድረስ ይወርዳል፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ገንዘቡ ግን ከዓመት ዓመት አደገ። የቴሌቪዥን ውሎች በቢሊዮን መቆጠር ጀመሩ። የአሰልጣኞች ደመወዝ ጣሪያ ነካ። ሃይፐል ራሱ በዓመት ወደ 9 ሚሊዮን ዶላር ይከፈለዋል። የቴነሲ ስፖርት ክፍል ዓመታዊ ገቢ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ሜዳ ላይ ጉልበቱን የሚሰብረው ልጅ ብቻ ነበር እጁን አጣጥፎ የሚያየው።

ጁን 21 ቀን 2021 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «አልስተን» በሚባለው ክስ 9 ለ0 በሆነ ድምፅ ኤንሲኤኤን ረታው። ጉዳዩ ከትምህርት ጋር የተያያዙ ጥቅሞችን ብቻ የሚመለከት ነበር፤ መልእክቱ ግን ለሁሉም ደረሰ። ማኅበሩ ከሕግ በላይ አይደለም። በዚያው ዓመት ጁላይ 1 ተጫዋቾች ከስማቸውና ከምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ። ማስታወቂያ መሥራት፣ ፊርማ መሸጥ፣ ማልያ ላይ ስምን ማስጻፍ።

ሐሳቡ ይህ ነበር። በሥራ ላይ የዋለው ግን ሌላ ነው። ሀብታም ደጋፊዎች ተሰባስበው «ኮሌክቲቭ» የሚባሉ ድርጅቶችን አቋቋሙ። ኮሌክቲቩ ገንዘብ ያሰባስባል፤ ለተጫዋቹ ይከፍላል፤ ተጫዋቹ ደግሞ አንድ ሁለት ዝግጅት ላይ ይገኛል። በወረቀት ላይ የማስታወቂያ ክፍያ ነው። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ግን ለመጫወት የሚከፈል ደመወዝ መሆኑን ነው። ኖክስቪል ውስጥ ይህን የሚሠራው ስፓየር ስፖርትስ የሚባል ኩባንያ ነበር፤ በሥራውም ከአገሪቱ ቀዳሚዎች አንዱ ሆነ።

ማርች 2022 ላይ አንድ ዜና አገሩን አነጋገረ። ስሙ ያልተገለጸ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከአንድ ኮሌክቲቭ ጋር እስከ 8 ሚሊዮን ዶላር ሊደርስ የሚችል ውል ፈረመ ተባለ። ልጁ ገና ሁለተኛ ደረጃን አልጨረሰም። ብዙም ሳይቆይ ኒኮ ቴነሲን መረጥኩ ሲል ተጫዋቹ እሱ ነው የሚለው ግምት ተስፋፋ። ሎስ አንጀለስ አካባቢ ያደገ ልጅ አህጉሩን አቋርጦ ወደ ኖክስቪል መጣ።

እዚህ ላይ ቴነሲን ለምን እንደመረጥኩ ግልጽ የሚያደርግ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጁላይ 2023 ላይ ኤንሲኤኤ ይህንኑ ዩኒቨርሲቲ ቀጣው። በቀድሞው አሰልጣኝ በጄረሚ ፕሩት ዘመን ከ200 በላይ ጥሰቶች ተፈጽመዋል ብሎ ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስከፈለው። አሰልጣኙ ላይም የስድስት ዓመት ገደብ ጣለ። ለተጫዋቾችና ለቤተሰቦቻቸው በድብቅ ተሰጠ የተባለው ገንዘብና ስጦታ በድምሩ ስንት ይመስላችኋል? ወደ 60 ሺህ ዶላር። ያ ቅጣት ሲነበብ ኒኮ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። በሕጋዊ መንገድ የሚያገኘው ገንዘብ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሕጉ እንደዚያ ነበር። በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ዓመት።

ቴነሲ ያሸነፈው ክስ

በ2024 መጀመሪያ ኤንሲኤኤ እንደገና ወደ ኖክስቪል ዞረ። ኮሌክቲቩ ለምልመላ ገንዘብ ተጠቅሟል ብሎ ምርመራ ጀመረ። የዩኒቨርሲቲው ቻንስለር ዶንዴ ፕላውማን ለማኅበሩ ፕሬዚዳንት ጠንከር ያለ ደብዳቤ ጻፉ። ከዚያ ጃኑዋሪ 31 ላይ የቴነሲ ዋና ዐቃቤ ሕግ ጆናታን ስከርሜቲ ከቨርጂኒያ አቻቸው ጋር ሆነው ኤንሲኤኤን በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ። የክሱ ፍሬ ሐሳብ ቀላል ነው። ተጫዋች ከመፈረሙ በፊት ዋጋውን የማወቅና የመደራደር መብት አለው። ፌብሩዋሪ 23 ላይ ዳኛ ክሊፍተን ኮርከር ይህን ድርድር የሚከለክለውን ደንብ የሚያግድ ትእዛዝ ሰጡ። ኤንሲኤኤ በኮሌክቲቮች ላይ የጀመራቸውን ምርመራዎች ለማቆም ተገደደ።

በኖክስቪል ታላቅ ደስታ ሆነ። እኔም ፍርዱ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። የአንድ ወጣት ጉልበት ገበያ ላይ ዋጋ ካለው ያንን ዋጋ ከእሱ መደበቅ ግፍ ነው። ግን መብቱ አንዴ ከተገኘ ለማን እንደሚያገለግል ማንም አይመርጥም። ከአንድ ዓመት በኋላ ያው የመደራደር መብት በራሱ በቴነሲ በር ቆሞ አንኳኳ።

ሁለተኛው በርም በዚያው ጊዜ ተከፈተ። ድሮ ኮሌጅ የቀየረ ተጫዋች አንድ ዓመት ተቀምጦ ያሳልፍ ነበር። በ2021 አንዴ ያለ ቅጣት መዘዋወር ተፈቀደ። በዲሴምበር 2023 ደግሞ የዌስት ቨርጂኒያ የፌዴራል ፍርድ ቤት የቀረውን ገደብ አገደ። በኤፕሪል 2024 ኤንሲኤኤ ራሱ ተጫዋቹ በትምህርቱ ብቁ እስከሆነ ድረስ በፈለገው ጊዜ ብዛት እንዲዘዋወር ፈቀደ። ተጫዋቹ ስሙን «ትራንስፈር ፖርታል» በሚባል መዝገብ ላይ ያስገባል፤ ከዚያ ማንም ሊያናግረው ይችላል።

እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ አስቧቸው። በየዓመቱ መደራደር ይቻላል። በየዓመቱ መሄድ ይቻላል። የአውሮፓ እግር ኳስን የምንከታተል ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ይገባናል። አንድ የፕሪሚየር ሊግ ተጫዋች የአራት ዓመት ውል ሲፈርም ሌላ ክለብ ሊወስደው ከፈለገ የዝውውር ሒሳብ ይከፍላል። ክለቡ ባዶ እጁን አይቀርም። ኮሌጅ ፉትቦል ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ሁሉም ተጫዋች በየዓመቱ ውሉ እንዳለቀ ተጫዋች ነው።

ጥያቄው እንዴት መጣ

የ2024 ውድድር ዘመን ለቴነሲ ጥሩ ነበር። ኒኮ ቋሚ ተሰላፊ ሆነ። ኦክቶበር ላይ አላባማን በሜዳቸው 24 ለ17 አሸነፉ። በዓመቱ 2,616 ያርድ ወረወረ፤ 19 ጊዜ ለውጤት አበቃ፤ 5 ጊዜ ብቻ ኳሱ በተጋጣሚ ተጠለፈ። ጥሩ ቁጥር ነው፤ አስደናቂ ግን አይደለም። ቡድኑ ለመጀመሪያ ጊዜ 12 ቡድኖች ወደሚሳተፉበት የጥሎ ማለፍ ውድድር ገባ። ዲሴምበር 21 ላይ በኦሃዮ ስቴት 42 ለ17 ተሸንፎ ወጣ። ኦሃዮ ስቴት ኋላ ዋንጫውን ወሰደ። የዚያ ቡድን ተጫዋቾች ለዓመቱ ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር እንደተከፈላቸው የራሱ የስፖርት ዳይሬክተር በይፋ ተናግሯል።

በዚያ የአሜሪካ ክረምት የኳርተርባክ ዋጋ ሽቅብ ወጣ። ኒኮ በ2022 የተስማማበት ዋጋ ያኔ ሰማይ የነካ መስሎ ነበር። ሦስት ዓመት ሳይሞላ መካከለኛ ሆነ። ስለዚህ የኒኮ ወገኖች ይስተካከል አሉ። እኔ በዚህ ልወቅሳቸው አልችልም። ከእሱ ብዙም የማይሻል ሰው ከእሱ በላይ ሲከፈለው ያየ ማንኛውም ሠራተኛ የሚጠይቀው ነገር ነው።

ጊዜው ግን ክፉ ነበር። ንግግሩ በይፋ የወጣው ኤፕሪል 10 አካባቢ ነው። የጸደይ ዝውውር መስኮት የሚከፈተው ኤፕሪል 16 ነው። ቡድኑ በእጁ የቀሩት በስኮላርሺፕ ያሉ ሁለት ልምድ የሌላቸው ኳርተርባኮች ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ ኮሌጆች ደግሞ ኳርተርባካቸውን በክረምቱ ይዘው ጨርሰዋል። ዩኒቨርሲቲው እምቢ ካለ በምን ይተካዋል? እሺ ካለስ በመጪው ዓመት ሌላው ተጫዋች ልምምድ ቀርቶ ቢጠይቅ ምን ይላል?

አንድ ቁጥር ደግሞ አለ፤ በዚያ ሳምንት በየስፖርት ክፍሉ ቢሮ የሚሰላ። ኤፕሪል 7 ላይ ካሊፎርኒያ ውስጥ ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን «ሀውስ» በሚባለው ትልቅ ክስ ላይ የመጨረሻውን የስምምነት ችሎት አስችለው ነበር። ስምምነቱ ከጸደቀ ኮሌጆች ራሳቸው ለተጫዋቾች በቀጥታ መክፈል ይጀምራሉ። የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ለሁሉም ስፖርቶች በድምሩ። ብዙዎቹ ትልልቅ ኮሌጆች ከዚህ ሦስት አራተኛውን ለፉትቦል እንደሚመድቡ ይነገር ነበር። ይህ ወደ 15.4 ሚሊዮን ይሆናል። ቡድኑ እስከ 105 ተጫዋች ይኖረዋል። ለአንድ ሰው 4 ሚሊዮን ማለት ከዚያ ሩብ በላይ ማለት ነው። ኮሌክቲቩ ከጎን ሊጨምር ቢችልም፣ ስሌቱ ለዳይሬክተሩ እንቅልፍ የሚሰጥ አልነበረም።

እንግዲህ ቴነሲ እምቢ አለ። ብዙ አሰልጣኞችና ደጋፊዎች አጨበጨቡ። በመጨረሻ አንድ ሰው ይበቃል አለ ተባለ። እኔ ጭብጨባው ውስጥ አልገባሁም። ውሳኔው ለቡድኑ ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ልጁን እንደ ከሃዲ መሳል ትክክል አልነበረም። አሰልጣኞች በውድድር ዘመን መሐል ለተሻለ ደመወዝ ቡድናቸውን ጥለው ሲሄዱ ለዓመታት አይተናል። ያኔ የተባለው መልካም ዕድል ነው። ኒኮ ራሱ በኋላ ሲናገር ወደ ቤተሰቡ መቅረብ ፈልጎ እንደሄደ ነው የገለጸው፤ የተወራበት ነገርም እውነት እንዳልሆነ ተናግሯል።

ማን ከፈለ

ኒኮ ፖርታሉ ውስጥ ሲገባ ገበያው ያሰበውን ያህል አልጠበቀውም። የቴነሲ ሊግ የሆነው የደቡብ ምሥራቅ ኮንፈረንስ በጸደይ ከአባል ወደ አባል የሚዘዋወርን ተጫዋች ወዲያው አያጫውትም። ስለዚህ ጆርጂያም፣ አላባማም፣ ቴክሳስም ተዘጉ። ኤፕሪል 20፣ የፋሲካ ዕለት፣ ሎስ አንጀለስ ወዳለው ዩኒቨርሲቲ፣ ወደ ዩሲኤልኤ፣ እንደሚሄድ ተሰማ። ወደ አደገበት ሰፈር ተመለሰ። ክፍያው ቴነሲ ላይ ያገኝ ከነበረው ያነሰ እንደሆነ በሰፊው ተዘገበ።

አሁን ብዙ ሰው የዘለለውን ሰው ላንሳ። ጆይ አጊላር። ከማኅበረሰብ ኮሌጅ ተነስቶ አፓላቺያን ስቴት ላይ ስሙን ያስጠራ ኳርተርባክ ነው። ለመጨረሻ ዓመቱ ወደ ዩሲኤልኤ ተዘዋውሮ ነበር። የጸደዩን ልምምድ ሠርቷል። ቦታው የእሱ መስሎት ነበር። ኒኮ ሲመጣ ቦታው ጠፋ። እሱም ሻንጣውን ሸክፎ ወደ ፖርታሉ ገባ። ማን ወሰደው? ቴነሲ። ሁለት ኮሌጆች ምንም የዝውውር ሒሳብ ሳይከፋፈሉ ኳርተርባክ ተለዋወጡ። አጊላር በአምስት ወር ውስጥ ሦስተኛ ግቢውን ረገጠ። ትምህርት የሚለው ቃል እዚህ ታሪክ ውስጥ የት እንዳለ ብትፈልጉ አታገኙትም። ይህ ያሳዝነኛል። ክሬዲት ከግቢ ግቢ ሲዘዋወር ሁሌም አይቆጠርም፤ ከሀገር ወጥቶ ትምህርቱን እንደገና የጀመረ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል።

የኒኮ ታናሽ ወንድም ማደንም አለ። እሱም ኳርተርባክ ነው፤ አርካንሳስ ከገባ ገና ወራት ናቸው። ወንድሙን ተከትሎ ወደ ዩሲኤልኤ ሄደ። የአርካንሳስ ኮሌክቲቭ ግን ዝም አላለም። ውልህ ላይ ቀድመህ ከወጣህ የምትከፍለው አለ ብሎ ወደ 200 ሺህ ዶላር ገደማ እንደጠየቀ ተዘገበ። የአርካንሳስ የስፖርት ዳይሬክተርም ውሎች እንዲከበሩ ኮሌክቲቩን እንደሚደግፉ በይፋ ተናገሩ። ለእኔ ከጠቅላላው ታሪክ ይህ ትንሹ ክፍል ነው ብዙ የሚናገረው። በታላቁ ወንድም ጉዳይ ሁሉም ስለ ታማኝነት ሲያወራ ነበር። በታናሹ ጉዳይ ግን ጥያቄው ትክክለኛ ቦታው ላይ ዋለ። ውሉ ምን ይላል?

ሌላው ከፋይ ትኬት ገዢው ነው። ሴፕቴምበር 2024 ላይ የቴነሲ የስፖርት ዳይሬክተር ዳኒ ዋይት ለ2025 የውድድር ዘመን ትኬት ላይ 10 በመቶ «የተሰጥኦ ክፍያ» እንደሚጨመር አስታወቁ። ከመደበኛው 4.5 በመቶ ጭማሪ ጋር 14.5 በመቶ ሆነ። ኒላንድ 101,915 ሰው ይይዛል። ተጫዋቾች ይከፈላቸው ሲባል ገንዘቡ ከቴሌቪዥን ጣቢያዎችና ከአሰልጣኞች ደመወዝ ተቀንሶ ይመጣል ብለው ያሰቡ ነበሩ። ኖክስቪል ላይ የመጣው ከአባትና ልጅ የቅዳሜ ትኬት ነው። ዋይት ቢያንስ በግልጽ ስሙን ጠርተው ነግረዋል፤ ለዚያ አከብራቸዋለሁ።

ጁን 6 ቀን 2025 ዳኛ ዊልከን ስምምነቱን አጸደቁ። ላለፉት ዓመታት ተጫዋቾች 2.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ካሣ በአሥር ዓመት ውስጥ ይከፈላል። ከጁላይ 1 ጀምሮ ኮሌጆች በቀጥታ መክፈል ጀመሩ። ከዚያ ጋር የተጫዋቾች ብዛት ገደብ መጣ። ፉትቦል 105 ሰው፤ አገር አቋራጭ ሩጫ 17 ሰው። የመጨረሻውን ያነሳሁት ሯጭ ልጆች ላሏቸው የሐበሻ ቤተሰቦች ስል ነው። ብዙ ኮሌጆች ሊከተሉት ባሰቡት ክፍፍል ከፉትቦልና ከቅርጫት ኳስ ውጭ ላለው ስፖርት ሁሉ የሚተርፈው 5 በመቶ ብቻ ነው። ከኢትዮጵያ በተማሪ ቪዛ መጥቶ በስኮላርሺፕ የሚሮጥ ልጅ ደግሞ የቪዛው ሕግ ሥራን በእጅጉ ስለሚገድብበት ከዚህ ገንዘብ ለመድረስ በጣም ይቸገራል። የፉትቦል ገንዘብ ሲቆረስ የእነዚህ ልጆች ድርሻ የሚታሰበው መጨረሻ ላይ ነው።

ሜዳ ላይ የሆነው

ኦገስት 30 ሁለቱም ኳርተርባኮች አዲስ ማልያ ለብሰው ወጡ። አጊላር አትላንታ ላይ ሲራክዩስን 45 ለ26 ረታ። ኒኮ በዩታ 43 ለ10 ተሸነፈ። ዩሲኤልኤ ሦስት ጨዋታ ተሸንፎ አሰልጣኙን ዴሾን ፎስተርን አባረረ። አራተኛውንም ተሸነፈ። ከዚያ ኦክቶበር 4 ላይ ማንም ያልጠበቀው ሆነ። በደረጃ 7ኛ የነበረውን ፔን ስቴትን 42 ለ37 አሸነፉ። ኒኮ በዚያ ቀን በእግሩም በእጁም ድንቅ ነበር። ፔን ስቴት በሳምንቱ እንደገና ተሸንፎ አሰልጣኙን ጄምስ ፍራንክሊንን አሰናበተ። የፍራንክሊን ውል ከተባረረ ወደ 49 ሚሊዮን ዶላር የሚያሰጠው ነበር። በኋላ ቨርጂኒያ ቴክ ሲቀጥረው በድርድር ወደ 9 ሚሊዮን ወረደ።

ይህን ልብ በሉልኝ። አሰልጣኙ ሲባረር ውሉ ይጠብቀዋል። ሌላ ሥራ ሲያገኝ ቀጣሪው የድሮ ቀጣሪውን ሸክም ያቀልላል። ሁለቱም ወገን ታስሯል፤ ሁለቱም ወገን ተጠብቋል። ኒኮና ቴነሲ ግን ምን ያስራቸው ነበር? ከዩኒቨርሲቲው ጋር ሳይሆን ከአንድ ኩባንያ ጋር የተፈረመ የማስታወቂያ ውል። ዩኒቨርሲቲው ሊያስቀረው አይችልም። እሱም ቢጎዳና ቡድኑ ቢተወው እንደ ሠራተኛ የሚሟገትበት መንገድ የለውም።

ዩሲኤልኤ ዓመቱን 3 አሸንፎ 9 ተሸንፎ ጨረሰ። የስፖርት ክፍሉ በስድስት ዓመት ውስጥ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ አከማችቷል፤ ለተጫዋቾች የሚከፍለው ያንን ተሸክሞ ነው። ቴነሲ በመደበኛው ዘመን 8 አሸንፎ 4 ተሸነፈ፤ በመጨረሻም ናሽቪል ላይ በኢሊኖይ 30 ለ28 ተሸንፎ 8 ለ5 ሆነ። አጊላር ከ3,000 ያርድ በላይ ወረወረ። ቡድኑ ወደ ጥሎ ማለፉ አልገባም። ማን አሸነፈ ብትሉኝ ሜዳው ላይ ማንም አላሸነፈም። ኒኮ ባይሄድ ቴነሲ የት ይደርስ ነበር የሚለውን ኖክስቪል ውስጥ ሰው ገና ይከራከርበታል።

ያልተዘጋው ጥያቄ

ገንዘቡ ኮሌጅ ፉትቦልን ገደለው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ስታዲየሞች ሙሉ ናቸው። ድሮ ጥቂት ኃያላን የሚያከማቹት ተሰጥኦ አሁን ተበትኗል። ተቀያሪ ወንበር ላይ ይበሰብስ የነበረ ልጅ ሄዶ ይጫወታል። እናቱ ኪራይ መክፈል የከበዳት ልጅ አሁን ይከፍልላታል። ይህን የሚቃወም ሰው ልቤን አያገኘውም።

የጎደለው ሌላ ነው። ኮሌጆቹ ደመወዝ መክፈል ጀምረዋል፤ ደመወዝተኛ ግን የለንም ይላሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ተጫዋቹ ሠራተኛ ከተባለ የጉዳት ካሣ ይመጣል፤ የሠራተኛ ማኅበር ይመጣል፤ የጋራ ድርድር ይመጣል። በ2014 የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች ማኅበር እንመሥርት ብለው ድምፅ ሰጥተው ነበር። የሠራተኛ ጉዳይ ቦርዱ በ2015 ጉዳዩን አልይዝም ስላለ የድምፁ ሣጥን ሳይቆጠር ቀረ። ያን ጊዜ ተቆጥሮ፣ ማኅበር ተመሥርቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የውል ርዝመት፣ የዝውውር ጊዜ፣ የመውጫ ክፍያ፣ የሕክምና ዋስትና የሚባሉት ነገሮች ሁለቱም ወገን ተቀምጦ የተስማማባቸው ይሆኑ ነበር። የአሜሪካ የፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊግ የሚሠራው እንደዚህ ነው። የደመወዝ ጣሪያውም በፍርድ ቤት የማይፈርሰው ተጫዋቾቹ ራሳቸው ስለፈረሙበት ነው። የኮሌጆቹ ጣሪያ ግን ከተጫዋቾች ማኅበር ጋር የተፈረመ ስላልሆነ ነገ ሌላ ጠበቃ ይዞት ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል።

ስለዚህ የኖክስቪሉን ሳምንት የስስት ታሪክ አድርጌ አላየውም። ልጁ ገበያው የሰጠውን ጠየቀ። አሰልጣኙ ቡድኑን አሰበ። ዳይሬክተሩ ሒሳቡን አየ። ሁሉም በቦታቸው ልክ ነበሩ። ልምምድ መቅረት ብቸኛው የመደራደሪያ መሣሪያ፣ ማሰናበት ብቸኛው መልስ የሆነው በመሐላቸው ሌላ ምንም ስላልነበረ ነው። የዴኒሰን ሚስት በ1957 የተነፈገችው ያ ቃል፣ «ሠራተኛ» የሚለው፣ ዛሬም ለኒኮ ተነፍጓል፤ ሚሊዮን እየተከፈለውም።

ከዚያ ወዲህ ኮሌጆቹ የደረሱበት መፍትሔ የቀን መቁጠሪያውን መቀየር ነው። ኤንሲኤኤ የጸደዩን የዝውውር መስኮት ሰረዘው። ለ2026 አንድ መስኮት ብቻ ተተወ፤ ከጃኑዋሪ 2 እስከ 16። ኤፕሪል ላይ ልምምድ ቀርቶ ወደ ሌላ ግቢ መሄድ ቆመ። ጥያቄው ግን ወደ ጃኑዋሪ ተሻገረ፤ በዚያው ወር የብሔራዊው ጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች ገና አላለቁም።